የሃምሳ ሰባት ቀጫጭን ድምፆች

አቶ ቢያዝን በሞቱ በስምንተኛው ዓመት፣ ባሕር ዳር ሹም አቦ ሠፈር ካለው ቤታቸው ቁምሣጥን አናት ላይ የቆርቆሮው ሣጥን ወረደ። ያወረደው ልጃቸው ግሩም ነው። በሣጥኑ ውስጥ አሥራ አንድ ጥቅል የቴፕ ክር ነበር። እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ የካርቶን መያዣ አለው፤ በመያዣው ጀርባ ላይ የዘፋኙ ስምና የተቀዳበት ወር በአቶ ቢያዝን ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ወሩ ይለያያል። ዓመቱ ግን አንድ ነው፤ ሁሉም 1957።

ይህ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። አቶ ቢያዝን በወጣትነታቸው በባሕር ዳር የአንድ የሠራተኞች ክበብ መብራት ሠራተኛ ነበሩ። ክበቡ ትልቅ የድምፅ መቅጃ ቴፕ ገዝቶ መስከረም ላይ አመጣ፤ ነሐሴ ላይ የቴፑ ሞተር ተቃጠለና መለዋወጫ ሳይገኝ ቀረ። በመስከረምና በነሐሴ መካከል ግን በከተማው ድምፅ አለኝ ያለ ሁሉ፣ ሾፌሩም፣ ልብስ ሰፊውም፣ የጤና ረዳቱም፣ እሑድ እሑድ እየመጣ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሟል። ከእነዚያ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያለ ቢፈለግ ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። ክሩ ግን አለ።

ክሩን ፍለጋ የመጣችው ሔራን ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ሆኖ፣ የቆዩ ዘፈኖችን በሚሰበስብ አንድ ማኅደር ተቀጥራ ወደ ባሕር ዳር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ክሩን ወደ ኮምፒውተሯ ልትገለብጥ ማጫወቻዋን ይዛ ሦስት ሳምንት ሙሉ የግሩም ሳሎን ውስጥ ተቀመጠች። ግሩም የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ ሥራ በሌለው ሰዓት አጠገቧ ቁጭ ብሎ ክሩን እያቃና ያቀብላታል። ክሩ አርጅቷል። በማጫወቻው ባለፈ ቁጥር እንደ ደቀቀ በርበሬ ያለ ብናኝ ያራግፋል፤ ሁለተኛ ጊዜ ይጫወታል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

«ጋሽ ግሩም፣ ልብ ብለዋል?» አለችው አራተኛውን ጥቅል እንደጨረሱ። «ወንዱም ሴቱም ድምፁ ቀጭን ነው። ጥድፊያም አለው። ያኔ የባሕር ዳር ሰው የሚወደው እንደዚያ ነበር ማለት ነው። ጥናቴ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ‹የሃምሳ ሰባት ቀጭን አዘፋፈን› ብዬ።»

«ሰዉም ቀጭን ነበረ» አለ ግሩም። «በእግሩ ነበር የሚሄድ።»

«እሱንም ልጨምረው?»

«ኧረ እንዳትጨምሪው።»

ሰባተኛውን ጥቅል ግሩም ሆን ብሎ ወደ መጨረሻ አቆየው። በመያዣው ጀርባ ላይ «እናትዓለም፣ ሰኔ» የሚለው በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ከሥሩ «የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዜማ፣ ሐምሌ» ተብሎ ተጽፏል። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን የአቶ ቢያዝን አባት ናቸው። እናትዓለም ደግሞ የአቶ ቢያዝን ታናሽ እህት፣ የግሩም አክስት ነች።

አቶ ቢያዝን ሊሞቱ ሲሉ ስለዚያ ጥቅል ለልጃቸው ነግረውታል። እናትዓለም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አባቷ ሳይሰሙ፣ አንድ እሑድ ክበቡ ገብታ አንድ ዘፈን ዘፈነች። በሳምንቱ ታመመች። ከሕመሟ ስትነሣ ልቧ ወደ ገዳም ነበር። ከመሄዷ በፊት ወንድሟን ለብቻው ጠርታ «ያን ዘፈን አጥፋልኝ። ዝም ብለህም አታጥፋው፤ በአባባ ዜማ ሸፍነው» አለችው። አቶ ቢያዝንም አባታቸውን ለምነው ባዶው ክበብ ውስጥ አስቀመጡና በዘፈኑ ላይ ዜማቸውን ቀዱበት። ሽማግሌው ግን ቶሎ ደከሙ፤ ዜማው ዘፈኑን የሸፈነው እስከ ግማሹ ነው። የቀረውን ግማሽ በባዶ ቀድቶ ማጥፋት የአንድ ቁልፍ ሥራ ነበር። አቶ ቢያዝን ያን ቁልፍ ሳይጫኑ ቀሩ። ለእህታቸው ግን «ጠፍቷል» አሏት።

«እሷ ምን ጊዜም የምታምነኝ እኔን ነው» አሉ አቶ ቢያዝን አልጋቸው ላይ። «አንድ ቀን ንገራት። እኔ አፍሬ ቀረሁ።»

ግሩም «እሺ» አለ። ከዚያ ስምንት ዓመት አለፈ። አክስቱ ሐይቁ ዳር ባለ የሴቶች ገዳም ውስጥ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ተብለው ይኖራሉ፤ ዘንድሮ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በየዓመቱ ይሄዳል፣ ጧፍና ስኳር ያደርሳል፣ ይሳለማል፣ ሳይናገር ይመለሳል። እማሆይ በሄደ ቁጥር «የወንድሜን ስም ሳላነሣ ያደርሁበት ቀን የለም» ይሉታል። ይህን የሚሉ ሰው ፊት ወንድምዎ ዋሽቶዎት ነው የሞተው ብሎ መናገር ለግሩም እንደ ተራራ ከበደው።

ሔራን ሰባተኛውን ጥቅል ስታጫውት የመሪጌታ ዜማ አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ሄደ። ሳል ተሰማ። ቀጥሎ «ይበቃል እንግዲህ» የሚል የሽማግሌ ድምፅ፣ ከዚያ ቀጭ የሚል የቁልፍ ድምፅ። ከቀጭታው ማዶ አንዲት ልጅ ከዘፈኑ መካከል ብቅ አለች።

ሐይቁን ተሻግሬ ማዶ ብገባም፣
ልቤ ወደብ ቀርቷል፣ አብሮኝ አልመጣም።

ዘፈኑ እስኪያልቅ ሔራን አልተንቀሳቀሰችም።

«ይቺ ልጅ ከሁሉም ትበልጣለች» አለች በመጨረሻ። «ማን ናት?»

ግሩም የካርቶን መያዣውን አንሥቶ ጀርባውን ወደ ራሱ አዞረ።

«የማኅደሩ ቅጽ ይጠይቃል እኮ፤ ድምፃዊዋ በሕይወት አለች ወይስ የለችም ይላል። ካለች ራሷ ትፈርማለች። ከሌለች ወራሽ ይፈርማል። ካልታወቀች ደግሞ ‹ያልታወቀች› ብዬ ከታች አስቀምጣታለሁ፤ ለሕዝብ ግን አትለቀቅም። ስብስቡ የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው።»

«ትታወቃለች» አለ ግሩም።

ያን ዕለት ምሳ ላይ ሚስቱን አገርነሽን አማከራት። አገርነሽ ጨው ስታቀብለው እንኳ ምክር ጨምራ የምታቀብል ሴት ናት።

«ስምንት ዓመት ‹ዘንድሮ እነግራቸዋለሁ› ስትል ሰማሁህ» አለችው። «አሁን ያቺ ልጅ ወረቀት ይዛ ብትመጣብህ አማረርህ። ወረቀቱ ባይኖር መች ትሄድ ነበር?»

«አባባ ውሸታም ሆነው ይቅሩባቸው?»

«አንተ ዝም ስትል የዋለው ውሸት ማንን እየመሰለ እንደሄደ አላየኸውም?»

ግሩም እጁን ታጠበና ለጀልባ ነጂው ለይትባረክ ደወለ።

ጉዞው በግንቦት አጋማሽ፣ ከማለዳ ነበር። ሐይቁ ዳርና ዳሩን እምቦጭ ተኝቶበታል፤ ይትባረክ ሁለት ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ የተጠመጠመውን አረም በቢላ ቆረጠ። «ዓሣ አጥማጅ ነበርሁ፤ አሁን አረም አራሚ ሆኛለሁ» አለ ለሔራን። ሔራን ኮምፒውተሯን በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋለች። ጀልባው ዘንበል ባለ ቁጥር የምትይዘው ራሷን ሳይሆን እሱን ነው።

ወደ ቅጥሩ ወንድ አይገባም። እንግዳ የሚጠብቀው ከበሩ ውጭ፣ ሾላው ሥር ካሉት ድንጋዮች ላይ ነው። እማሆይ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ መጡ። አጭር ናቸው፤ ቆባቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል።

«ሸበትህ» አሉት ግሩምን፣ እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል ከሳመ በኋላ።

«ዕድሜ ነው፣ እማሆይ።»

«ዕድሜስ የእኔ ነው። ያንተ አሳብ ነው። ይቺ ልጅህ ናት?»

«አይደለችም። የድሮ ዘፈን የምትሰበስብ ናት።»

«የሚሰበሰብ ታጣ?» አሉ እማሆይ። ለሔራን ግን አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ በእጃቸው ጠርገው ሰጧት።

ግሩም ንግግሩን በጀልባው ላይ ሲያሰናዳ ነበር። አሁን ሁሉም ጠፋበትና እንደመጣለት ተናገረው። አባቱ የነገሩትን፣ ሰባተኛውን ጥቅል፣ ግማሹ መሸፈኑን፣ ግማሹ መቅረቱን። እማሆይ መሬት መሬት እያዩ ሰሙት። ሲጨርስ መቋሚያቸው ላይ የወጣችውን ጉንዳን በጣታቸው አወረዷት።

«ለዚያች ዘፈን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ንስሐ ገብቻለሁ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰግጃለሁ። ጠፋች ብዬ ነበር የምሰግደው። ለካ እሷ ቁምሣጥን ላይ ተቀምጣለች።»

«ይቅር ይበሏቸው፣ እማሆይ። አፍሬ ቀረሁ ብለዋል።»

«ያፈረ ሰው ነው። ልጅም ሆኖ ሲዋሽ መሬት ያይ ነበር። ያን ቀንም ‹ጠፍቷል› ሲለኝ ጫማውን እያየ ነው። ለመሄድ ስለቸኮልሁ አላስተዋልሁት።» ቀና አሉ። «አባባም አሉበት አልኸኝ?»

«አሥራ አንድ ደቂቃ።»

«አባባ ካረፉ ሃምሳ ዓመት አለፋቸው» አሉ እማሆይ፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ። «አሰማኝ።»

ሔራን ማዳመጫውን አወጣች። እማሆይ ቆባቸውን አያወልቁም፤ ከቆባቸው በላይ አደረገችላቸው። ሽቦው ጉንጫቸው ላይ ሲንጠለጠል ግሩም ሊስቅ ዳድቶት ተወው። ሔራን ቁልፉን ተጫነች።

እማሆይ ጥቂት እንዳዳመጡ ግንባራቸውን አኮማተሩ። ማዳመጫውን በአንድ እጃቸው ከፍ አደረጉት።

«እኒህ አባባ አይደሉም።»

«ናቸው፣ እማሆይ። በአባቴ ጽሑፍ ተጽፏል።»

«ጽሑፉን ተወው። አካሄዱ የእሳቸው ነው፤ ድምፁ ግን የእሳቸው አይደለም። አባባ ዜማ ሲያነሡ ከደረታቸው ነበር። እዚህ ያለው አፍንጫው የታፈነ ዲያቆን ነው።»

ሔራን ወደ ግሩም አየች። «ቀጭን ማለታቸው ነው» አለች በቀስታ። «የዘመኑ ...»

«አንቺ ልጅ» አሉ እማሆይ፣ «እሱን ነገር ዝቅ ማድረግ ይቻልሻል?»

«ድምፁን መቀነስ?»

«መቀነስ አይደለም። ማውረድ። አባባ የሚጀምሩት እዚህ ጋ ነው።» መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ አንድ ቃል ሳይሉ የዜማውን መነሻ አንጎራጎሩ። ከዚያች አጭር ሴት የሚወጣ የማይመስል ወፍራም ድምፅ ነበር፤ ግሩም ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ በእግሩ ሥር የተሰማው መሰለው።

ሔራን ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ቀነሰች። እማሆይ አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ደረጃ። «ገና ናቸው።» ሌላ ደረጃ። እማሆይ እንደገና አንጎራጎሩ፤ እንደገና አዳመጡ። ከመቶ ዘጠኝ ሲቀነስ ዝም አሉ። አሥር ሲደርስ እጃቸውን አነሡ። አሥራ አንድ ላይ እጃቸው እንደተነሣ ቀረ።

«መጡ» አሉ። «አሁን መጡ።»

ያን ጊዜ ግሩም ነገሩ ገባው። አርባ ዓመት ሙሉ ሞተር የጠገነ ሰው ለዚህ እስከዛሬ መቆየት አልነበረበትም።

«ጄኔሬተሩ ነው» አለ። «ክበቡ በራሱ ጄኔሬተር ነበር የሚሠራው። አባቴ ‹ያረጀ በቅሎ ነው› ይሉት ነበር። ጄኔሬተሩ ሲዝል የቴፑ ሞተርም ይዝላል፤ ክሩ እየተጎተተ ነው የቀዳው። ያን እየተጎተተ የተቀዳ በደኅና ማሽን በልኩ ፍጥነት ስታጫውቺው ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ይቀጥናል።»

«አንዱ ጥቅል ብቻ ነው ወይስ ...» አለች ሔራን።

«አሥራ አንዱም።»

ሔራን ኮምፒውተሯን አየችው። «ዓመቱ በሙሉ» አለች። «አስተዋውቄው ነበር እኮ። ስብሰባ ላይ አቅርቤዋለሁ። ስም ሰጥቼዋለሁ።»

«እኔም አልሰማሁት» አለ ግሩም። «ሾፌሩ ጎልማሳ ሆኖ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው በምን ላውቅ? የሚያውቁት ሞቱ።»

እማሆይ አልሰሟቸውም፤ ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ ነው። አባታቸውን እየሰሙ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። አሥራ አንዱ ደቂቃ ረዘመ፤ አሁን አሥራ ሁለት ሆኗል። ሔራን ሰዓቱን እየተከታተለች «ይበቃል እንግዲህ» የሚለው ሲደርስ ጣቷን ወደ ማቆሚያው ሰደደች። እማሆይ ቀና ብለው አዩዋት። ማዳመጫውን አላነሡም። ሔራን ጣቷን መለሰች።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰሙት እማሆይ ብቻ ናቸው። ግሩምና ሔራን ከማዳመጫው የሚያፈተልክ ትንሽ ሽውታ ብቻ ነው የደረሳቸው። እማሆይ ፊታቸው አልተለወጠም። አንድ ጊዜ ብቻ የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት መቋሚያውን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው፤ እማሆይም አዩዋትና በግራ እጃቸው ያዟት።

ዘፈኑ ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቀው ለሔራን መለሱላት።

«አሁን ራሷ ናት» አሉ። ቆየት ብለው ወደ ግሩም ዞሩ። «ግጥሙን የሰጠኝ አባትህ ነው። ነግሮህ ነበር?»

ግሩም አልሰማም ነበር። አባቱ ግጥም መጻፍ እንደሚያውቁም አልሰማም።

«እንግዲያ የራሱን እንዴት ያጥፋ» አሉ እማሆይ። «የእኔን አጥፋ ስለው የእሱንም አጥፋ እንዳልሁት መች አሰብሁት።»

ሔራን ጉሮሮዋን ጠረገችና ቅጹን አወጣች። ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ፊርማው፣ ስለ ሰኔ ሠላሳ ቀስ አድርጋ አስረዳች። «እዚህ ላይ ‹ድምፃዊዋ በሕይወት አለች› ከሚለው ጎን ምልክት ያደርጉና ...»

«የለችም» አሉ እማሆይ።

«እማሆይ፣ እርስዎ ...»

«እኔ ወለተ ሩፋኤል ነኝ። የዘፈነችው እናትዓለም ናት። እናትዓለም ኅዳር ሃምሳ ስምንት ላይ ሞተች፤ ቆብ ስትደፋ ፍትሐቷ ተደርሷል፤ እናቷ እንደ ሬሣ አልቅሳላታለች። ወለተ ሩፋኤል ለዘፈን መፈረም አይገባትም፤ ዘፍናም አታውቅ።»

«መሥሪያ ቤቱ የሞት ማስረጃ ይጠይቃል» አለች ሔራን፣ ግራ ተጋብታ።

«ይኸው» አሉ እማሆይ ቆባቸውን እየነኩ። «ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ካላቸው ያምጡ።»

ግሩም ሳቀ። እማሆይ አልሳቁም፤ ዓይናቸው ግን ሳቀ።

«ታዲያ ማን ይፈርም?» አላቸው።

«የሞተ ሰው ማን ይፈርምለታል? ወራሹ ነዋ። እናትዓለምን ወንድሟ ወረሳት፤ ወንድሟን አንተ ወረስኸው።»

«እርስዎ ምን ይላሉ ግን? ትሰማ ወይስ አትሰማ?»

«የሞተች ምን ትላለች፣ ግሩም?» መቋሚያቸውን ተክለው ተነሡ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ተመለሱ። «አባባንስ ምን ልታደርጓቸው ነው?»

ሔራን አቀረቀረች። «ዜማው ከስብስቡ ውጭ ነው፤ ዘፈን ብቻ ነው የምንይዘው። ቆርጬ ላወጣው ነበር።»

«አትለያዩዋቸው» አሉ እማሆይ። ይህን እንኳ ያሉት ለሔራን ይሁን ለሾላው አልለየም። በሩ ተዘጋ።

በመመለሻው ላይ አረሙን የቆረጠው ግሩም ነው። አክስቱ ሸክሙን እሱ ላይ ጥለው እንደሄዱ ይሰማዋል፤ ጥለው ሳይሆን አምነው ሰጥተውት እንደሆነም ያስባል። አልከለከሉም። አልፈቀዱም። አንድ ነገር ግን አድርገዋል፤ ልጅቷን በልኳ አስቀምጠዋታል። እንድትጠፋ የሚፈልግ ሰው የሮጠችውን ሩጫ አያቃናላትም ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሔራን ጋር አሥራ አንዱንም እንደገና አነሡ። ጄኔሬተሩ በየእሑዱ የተለያየ ዝለት ነበረው፤ ሁሉንም በአንድ ልክ ማውረድ አልተቻለም። መነሻቸው የመሪጌታ ዜማ ሆነ። አንዳንዱን ዘፈን ለሽማግሌዎች እያሰሙ ይጠይቁ ነበር፤ የልብስ ሰፊው ባልቴት ባሏን ስትሰማ «ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ፣ በሬ ነበር እኮ» አለች። ሔራን የጥናቷን ርእስ ሰረዘች። ሌላ ርእስ ገና አላወጣችለትም።

ቅጹ ግን ሳይሞላ ሰኔ ሃያ ስድስት ደረሰ። ግሩም ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እስክሪብቶውን ይዞ «አለች» እና «የለችም» የሚሉትን ሁለት ቃላት አያቸው። አንዱን ቢያከብብ ሥራው ያልቃል። «የለችም» ቢል እማሆይ ያሉትን ማለቱ ነው፤ የሚያነበው ሰው ግን የሚገባው ሌላ ነገር ነው። አባቱም «ጠፍቷል» ሲሉ ግማሹ በእርግጥ ጠፍቶ ነበር።

ሁለቱንም ሳያከብብ ትቶ በ«አስተያየት» ሥር መጻፍ ጀመረ። «ድምፃዊት እናትዓለም ጥዑመ ልሳን በኅዳር 1958 ዓ.ም. መንኩሳ ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎላታል። እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ዘንድሮ ግንቦት ላይ ሰምተዋት የድምፁን ልክ በአባታቸው ዜማ አርመዋል። ዜማውና ዘፈኑ አንድ ላይ ይቀመጡ። ግጥሙ የቢያዝን ጥዑመ ልሳን ነው።» ቦታው አልበቃውም፤ ዳር ዳሩን ዞሮ ጻፈ።

ሔራን ከትከሻው በላይ አነበበችው። «ይመልሱታል» አለች። «አንዱን ምረጡ ይሉናል።»

«ይመልሱት። እንደገና እጽፈዋለሁ።»

ከመፈረሙ በፊት አንድ ጊዜ ልስማት አለ። ሔራን ማዳመጫውን ነቅላ በድምፅ ማጉያው ለቀቀችው። ሽማግሌው ከደረታቸው አዜሙ፣ ሳሉ፣ «ይበቃል እንግዲህ» አሉ። ቀጭታው መጣ፤ ቀጥሎ ልጅቷ፣ ረጋ ብላ፣ ወፍራም በሆነው ድምፅዋ።

አገርነሽ ከጓዳ እጇን በፎጣ እያበሰች ወጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ምነው?» አላት ግሩም።

«አባትህ የመጡ መስሎኝ ነው» አለች።

ግሩም ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀና ፈረመ።